የሳል ሽሮፕና እርግዝና፦ ይህ ምክር ከየት መጣ?

ዛሬ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ጉዳይ ከታሪኩ ጀምሬ ላጫውታችሁ። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በቅርቡ አንዲት የ36 ዓመት እህታችን ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። ከቦርሳዋ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «አሳለሽ እንዴ?» አልኳት። «አይ ዶክተር፣ ለእርግዝና ነው የምጠጣው» አለችኝ። ምክሩን የነገረቻት አሜሪካ ያለች የአክስቷ ልጅ ናት። ስምንት ወር ሙሉ በየወሩ ጠጥታለች። አማቷ በየበዓሉ ሆዷን እያዩ ይጠይቃሉ። ባለቤቷስ ተመርምሯል? «እሱ ጤነኛ ነው» አለች።

ምክሩ ዝም ብሎ የተፈጠረ አይደለም። ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ስታውቁ ለምን እንደማልመክረው ትረዳላችሁ።

ሁሉም ነገር ከአንድ ዛፍ ይጀምራል

በብዙ የሳል ሽሮፖች ውስጥ አክታን የሚያቀጥን ጓይፌነሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ስሙን ያገኘው በካሪቢያን ደሴቶች ከሚበቅለው የጓያክ ዛፍ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስፔኖች ይህን እንጨት ወደ አውሮፓ አመጡት። በዚያን ጊዜ ቂጥኝ አውሮፓን ያስጨንቅ ስለነበር ሰዎች እንጨቱን እየቀቀሉ ጠጡት። «የሕይወት እንጨት» እስከመባልም ደረሰ።

ኡልሪክ ፎን ሁተን የተባለ ጀርመናዊ ጸሐፊ በእንጨቱ ከቂጥኝ እንደዳነ እ.ኤ.አ. በ1519 መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በብዙ አገር ተነበበ። ሁተን ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1523፣ በዚያው በሽታ ሞተ።

ምን ሆኖ ነው? የቂጥኝ ቁስል ሳይታከምም በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ በሽታው ግን ውስጥ ይቀራል። ሁተን አልዋሸም። ጠጣ፣ ተሻለው፣ «እንጨቱ አዳነኝ» አለ። «ጠጣሁ፣ ከዚያ ተሻለኝ» ማለት ግን «ስለጠጣሁ ተሻለኝ» ማለት አይደለም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

ቆይቶ ኬሚስቶች ከዚህ ዛፍ ሙጫ ጓያኮል የተባለውን ንጥረ ነገር ለዩ። ከእሱ የተሠራው ጓይፌነሲን ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአክታ መድኃኒት ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። ሮቢተሲን የሚለው ስም የታወቀው በዚህ ነው።

አክታና የማህፀን በር ምን አገናኛቸው?

እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን የማህፀን በር ቀጭን፣ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ክፍል የሚሳብ ፈሳሽ ያመነጫል። የወንድ ዘር የሚያልፈው በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ዋኝቶ ነው። በሌላው ጊዜ ፈሳሹ ወፍራም ስለሚሆን ማለፍ ይከብደዋል።

ፈሳሹን ከግንኙነት በኋላ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየትን የጀመረው አሜሪካዊው ሐኪም ማሪየን ሲምስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ጽፎበታል። ይህ ሰው ቀደም ሲል በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ሲሞክር የነበረ መሆኑንም አብራችሁ እወቁ። በ1913 ማክስ ሁነር የተባለ ሐኪም ምርመራውን አስፋፋው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ልጅ ያልወለዱ ሴቶች በዚህ ምርመራ አለፉ፤ ብዙዎቹም «ፈሳሽሽ ጥሩ አይደለም» ተባሉ።

እንግዲህ ሐሳቡ መጣ፦ አክታን የሚያቀጥን መድኃኒት ይህንንስ ቢያቀጥን? እ.ኤ.አ. በ1982 ጀሮም ቼክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ የማህፀን በር ፈሳሽ ችግር አለባቸው ለተባሉ 40 ሴቶች ጓይፌነሲን ሰጡ። 15ቱ ፀነሱ።

ቁጥሩ ያጓጓል አይደል? ግን ሁተንን አስታውሱ። በዚያ ጥናት ውስጥ መድኃኒቱን ሳይወስዱ ለንጽጽር የታዩ ሴቶች አልነበሩም። እርግዝና ዘግይቶባቸው ለጥቂት ወራት ሲጠብቁ ያለ ምንም መድኃኒት የሚፀንሱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከ15ቱ ስንቱ በሽሮፑ፣ ስንቱ በራሱ ጊዜ እንደሆነ ማንም ሊለይ አይችልም። ጥናቱ ግን በመጻሕፍት ተጠቀሰ፣ ከመጻሕፍቱ ወደ ኢንተርኔት ገባ፣ ከዚያም በስልክ ወደ እኛ ደረሰ። በመንገድ ላይ «በ40 ሴቶች ላይ ያለ ንጽጽር ተሞከረ» የሚለው ቀርቶ «ይሠራል» የሚለው ብቻ ተረፈ።

በ1998 ደግሞ በኔዘርላንድ 444 ጥንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አዩ፤ ግማሾቹ ያ የማይክሮስኮፕ ምርመራ ተደረገላቸው፣ ግማሾቹ አልተደረገላቸውም። በሁለት ዓመት ውስጥ የፀነሱት 49 በመቶና 48 በመቶ ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ዛሬ ምርመራው እንደ መደበኛ አይመከርም። ሽሮፑ ያክመዋል የተባለው ችግር ራሱ በዚያ መንገድ መለየቱ ጥቅም እንደሌለው ታየ።

ሌሎቹ ከፋርማሲ የሚገዙትስ?

✅ አስፕሪን፦ ቀደም ሲል ፅንስ በወረደባቸው 1,228 ሴቶች ላይ በአሜሪካ ተሞክሮ ውጤቱ በ2014 ወጣ። በአጠቃላይ ሲታይ በሕይወት የሚወለዱ ልጆችን ቁጥር በግልጽ አልጨመረም።

✅ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፦ እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን አዘውትሮ መውሰድ እንቁላሉ እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል። ለማርገዝ እየሞከራችሁ ለሕመም የምትወስዱ ከሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ።

✅ ፎሊክ አሲድ፦ ይህኛው ፈተናውን ያለፈ ነው። ለመፀነስ አይረዳም፣ የሚፀነሰውን ልጅ ግን ይጠብቃል። በ1991 የወጣው ትልቅ ጥናት፣ ቀደም ሲል የአከርካሪ ወይም የአንጎል አፈጣጠር ችግር ያለበት ልጅ ባረገዙ እናቶች ላይ ችግሩ እንዳይደገም በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ፤ ያውም ከንጽጽር ቡድን ጋር። ችግሩ በአገራችን ብዙ ስለሚታይ ለማርገዝ ያሰባችሁ ሁሉ ከእርግዝና ቢያንስ አንድ ወር በፊት በቀን 400 ማይክሮግራም ጀምሩ። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ደግሞ ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት በሐኪም ይታዘዝላት።

ታዲያ ሽሮፑ ቢጠጣ ምን ይጎዳል?

አንደኛ፣ የሳል ሽሮፕ ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ የአፍንጫ መታፈን ወይም የአለርጂ መድኃኒት፣ አንዳንዶቹ አልኮል ጭምር ተቀላቅሎባቸዋል። ደም ግፊት ላለባት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛውና ትልቁ ጉዳት ጊዜ ነው። ሽሮፕ የተዘጋ የማህፀን ቱቦ አይከፍትም፣ የታይሮይድ ችግርን አያስተካክልም፣ የባልን የዘር ቁጥር አይጨምርም።

ያቺ እህታችን ባለቤቷን ይዛው እንድትመጣ ለመንኳት። እያቅማማ መጣ፣ የዘር ምርመራ ተደረገለት። የዘሩ ቁጥር በጣም ዝቅተኛ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ እሷ ስትጠጣ ችግሩ ሽሮፕ በማይደርስበት ቦታ ነበር። ውጤቱን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው?» አላት። ወደ መካንነት ስፔሻሊስት ላክኋቸው። በ36 ዓመት ዕድሜ ስምንት ወር ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ሊመልስላት አይችልም።

ምን ላድርግ ለምትሉ

👉 ዕድሜሽ ከ35 በታች ከሆነ ለአንድ ዓመት፣ 35 ከሞላሽ ለስድስት ወር ያለ መከላከያ ሞክራችሁ ካልተሳካ ወደ ሐኪም ሂዱ። የወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት የማህፀን ኢንፌክሽን ታመሽ ከነበረ፣ ይህን ያህል አትጠብቂ።

👉 ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። የወንድ ምርመራ ቀላልና ሕመም የሌለው ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይሁን።

👉 ያ የሚሳብ ፈሳሽ በሚታይባቸው ቀናት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ግንኙነት አድርጉ። ይህ በነፃ ነው፣ ማስረጃም አለው።

👉 ሽሮፕ ጀምረሽ ከሆነ አትደንግጪ፣ አትፈሪም። አቁሚውና ጠርሙሱን ይዘሽ ሐኪምሽን አማክሪ።

አማቶችና እናቶች፣ እናንተም የምታነቡ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ፦ «ምነው ዘገየሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ሁለታችሁም ታይታችኋል ወይ?» በሉ።

ለሚጠቅመው ሰው አካፍሉት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ጤናችሁ ይብዛ!