የትምህርት ጥራት በእስላማዊውና በምዕራባዊው ትውፊት

የትምህርት ጥራት በእስላማዊውና በምዕራባዊው ትውፊት፦ ትምህርት መልካም የሚባልበትን መለኪያና ለመለኪያው ዋስ የሚሆነውን አካል የሚመለከት የንጽጽር ርእስ ነው። በወለጋና በአካባቢው ሁለቱም ሥር ሰደዋል።

በእስላማዊው ትውፊት የዒልም (የዕውቀት) ዋስትና መምህሩ ነው። ደረሳው (ተማሪው) ቁርኣን ከቀራ (ካነበበ) በኋላ ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ)፣ ነህው (የዐረብኛ ሰዋስው) እና ተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ከሸኹ ፊት ተቀምጦ ይማራል፤ ወደሚቀጥለው የሚያልፈውም ዓመቱ ስላለቀ ሳይሆን ኪታቡን (መጽሐፉን) ሲያኸትም፣ ማለትም ተምሮ ሲጨርስ ነው። ኢጃዛ የተባለው የማስተማር ፈቃድ በመሠረቱ ከሰው ለሰው የሚሰጥ ሲሆን፣ የመምህራንን ሰንሰለት ወደ ኋላ ይቆጥራል። አደብ (ሥነ ምግባር) የጎደለው ተማሪ፣ ቃሉን ሁሉ ቢያጠና እንኳ፣ እንደ ዐዋቂ አይታይም። ዕውቀትን ከመምህርና ከአደብ ጋር ማያያዙም የትውፊቱ ትልቁ ጥንካሬ ነው። በኢትዮጵያ ወሎ፣ ሐረርና ጅማ የታወቁ ማዕከላቱ ናቸው፤ በምዕራብ ወለጋ አቅጣጫ አል-ፈኪ አሕመድ ዑመር (1953 እ.ኤ.አ. ያረፉ) የቲጃንያን ጠሪቃ (የሱፊ መንገድ) አስፋፍተዋል።

ምዕራባዊው አካሄድ ዋስትናውን ለተቋም ይሰጣል፦ ሥርዓተ ትምህርት፣ የክፍል ደረጃ፣ ፈተና፣ ኢንስፔክሽን። ወደ ወለጋዋ ከተማ ነቀምት የገባው በሚሲዮን በኩል ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማይቱ መጥተው፣ ከሥራ ባልደረባቸው ከአስቴር ጋኖ ጋር በኦሮምኛ አስተምረዋል። ስለዚህ ምዕራባዊው ትምህርትም ሲጀመር ከሃይማኖት የተለየ አልነበረም።

ተቋማዊው አካሄድ ኋላ ወደ ከፍተኛ ትምህርትም ደርሶ፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምት የተከፈተው በ1999 ዓ.ም. ነው።