ከንባብ ወደ ትርጓሜ፤ የሊኑክስ ጀማሪዎች መምሪያ አነሣሥ

በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት የፈጠሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 3 ቀን 1971 የመጀመሪያውን መምሪያ ባወጡ ጊዜ፣ ትእዛዞቹን በየስማቸው በፊደል ተራ አሰልፈው፣ የእያንዳንዱን አጻጻፍና ተግባር በአጭር ቃል ካስረዱ በኋላ፣ የታወቀ ጉድለት ያለበት እንደ ሆነ እርሱንም በገጹ መጨረሻ አካባቢ ይናዘዙ ነበር። ሠሪ የሥራውን ነውር በገዛ እጁ መጻፉ ታላቅ ትሕትና ነውና ይህን ልማድ እጅግ አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ለቤተኞች የተጻፈ ንባብ ነበር፤ የትእዛዙን ስም አስቀድሞ ላወቀ ሰው ምሥጢሩን ይገልጥለታል፣ ስሙን ላላወቀ ግን ገጹን የሚያገኝበት በር ጠባብ ነው። ትርጓሜውን የሚሰጠው በአጠገቡ የተቀመጠ ባልደረባ ነበር።

የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ካወጣ በኋላ ግን፣ ዩኒክስን የሚመስለው ሥርዓት በየሰው ቤት ባለ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ስለ ሆነ፣ ጀማሪው መምህር በሌለበት ብቻውን ቀረ። በ1993 የወጣው፣ ስላክዌር የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት የመጀመሪያ እትም በ24 ፍሎፒ ዲስኮች ይገለበጥ ነበር፤ ድካሙስ ይቻል ነበር፣ የሚያስፈራው ስሕተቱ ነበር። ሃርድ ዲስኩን ሳያስተውል የከፋፈለ ሰው ቀድሞ ያከማቸውን ሁሉ ያጣ ነበር፤ ሞኒተሩ ከሚችለው በላይ የሆነ ፍሪኩዌንሲ ያዘዘም ዕቃውን እስከ ማበላሸት ይደርስ ነበር።

እንዲህ ያለውን ጀማሪ ለመርዳት፣ ስላክዌር ከመውጣቱም አስቀድሞ፣ ማት ዌልሽ፣ ላርስ ቪርዜኒዩስና ማይክል ጆንሰን በ1992 የሊኑክስ ዶክዩሜንቴሽን ፕሮጀክትን ጀመሩ። ዌልሽ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ ሲሆን፣ ለጀማሪዎች የጻፈውን መጽሐፍ እንደ ዩኒክሱ መምሪያ በፊደል ተራ ሳይሆን፣ አንባቢው ነገሩን በሚያገኝበት ተራ አደራጀው፤ ይኸውም ሊኑክስ ምን እንደ ሆነና ምን ዓይነት ኮምፒዩተር እንደሚሻ አስቀድሞ ተናግሮ፣ ከዚያ ስለ ማግኘቱና ስለ መጫኑ፣ ቀጥሎም ስለ ፋይልና ስለ ማውጫ እያስተማረ፣ የአስተዳዳሪነትን ሥራ ወደ ኋላ አቆየው። በእኔ አስተያየት የዚህ ሰው ብልኀት ከጻፈው ይልቅ ባቆየው ላይ ይታያል፤ ብዙ የሚያውቅ ሰው ያወቀውን ሁሉ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሊያፈስስ ይቸኩላልና። የቶርቫልድስ የትምህርት ጓደኛ የነበረው ቪርዜኒዩስ የአስተዳዳሪዎችን መምሪያ፣ ኦላፍ ኪርሽም የኔትወርኩን ጻፉ።

«ሃውቱ» የተባሉት የፕሮጀክቱ አጫጭር ጽሑፎች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ጉዳይ ብቻ፣ ለምሳሌ ስለ ማተሚያ ወይም ስለ ድምፅ፣ ያስረዱ ነበር። የተሻሻሉበት ቀን በራስጌያቸው ይጻፋል፤ ነገር ግን ጀማሪ ያረጀውን ከአዲሱ ለመለየት እውቀቱ ስለሌለው፣ ጸሐፊው የተወው ሃውቱ ብዙዎችን እንዳሳሳተ ሳስብ አዝናለሁ። በኦክቶበር 2004 ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት በወጣ ጊዜ የፍሎፒውና የሞኒተሩ ምዕራፍ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ ፋይል፣ ማውጫና ፈቃድ ምን እንደ ሆኑ የሚያስረዳው ትምህርት ግን ለአዲሱ ጀማሪ እንዳለ ይነበብ ነበር።