የሮም ወርቅ በመጠራ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጆች። እማማ፣ እርስዎም በርጩማዎን ወዲህ ይሳቡ። ዛሬ የማወራችሁ ወርቅ ስለ ታጨቀበት አንድ የነሐስ ዕቃ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1963፣ ቦታው መጠራ። መጠራ ሰንዓፈ አጠገብ ያለች የአክሱም ዘመን ከተማ ናት፤ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ። ፍራንሲስ አንፍሬ የሚባል ፈረንሳዊ የአርኪዮሎጂ ሊቅ እዚያ ሲያስቆፍር ያ የነሐስ ዕቃ ከአፈር ወጣ። በውስጡ ምን ተገኘ? ሁለት የወርቅ መስቀል፣ ሰንሰለት፣ የአንገት ጌጥ፣ ደግሞም 14 የሮም የወርቅ ሳንቲም! በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ዘመን የተመቱ፣ የቄሣሮች ፊት ያለባቸው። ሳንቲሞቹ አንገት ላይ እንዲንጠለጠሉ ማንጠልጠያ ተበጅቶላቸዋል።

የቄሣር ወርቅ እስከዚህ ድረስ እንዴት መጣ? በባሕር ነው የመጣው። በ1ኛው መቶ ዘመን ከግብፅ የተነሳ፣ ስሙን ያልነገረን ነጋዴ የቀይ ባሕርን ንግድ በግሪክኛ ጽፎልናል። እሱ እንዳለው፣ አዱሊስ በሚባለው የቀይ ባሕር ወደብ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ይጫናል፤ ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ጥቂትም የወይን ጠጅ ይራገፋል፤ ለንጉሡ የወርቅና የብር ዕቃ ይቀርባል። ገንዘብም ይመጣል፣ ግን ጥቂት፣ እዚያ ለተቀመጡት የውጭ ሰዎች መገበያያ። ከአዱሊስ የ3 ቀን መንገድ ቆሎኤ፣ ከቆሎኤ 5 ቀን አክሱም። ቆሎኤ መጠራ ናት የሚሉ አሉ፤ ቆሐይቶ ናት የሚሉም አሉ።

አሁን ልብ በሉልኝ። አክሱም በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ጊዜ፣ የራሷን የወርቅ ሳንቲም መምታት ጀምራለች። የመጠራው የሮም ወርቅ ግን ከገበያ ወጥቶ የአንገት ጌጥ ሆኗል። መስቀሎቹስ? መስቀል በአክሱም ሳንቲም ላይ የታየው በ4ኛው መቶ ዘመን፣ ንጉሥ ዔዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ነው። እንግዲያው ዕቃው የተቀበረው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው። በ2ኛው መቶ ዘመን የተመቱት ሳንቲሞች ያኔ መቶ ዓመት አልፏቸዋል! ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ የወረዱ ይመስለኛል። ጣዖት ያመልክ የነበረ ቄሣር ፊቱ ከክርስቶስ መስቀል ጋር ባንድ ዕቃ ተኝቷል። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞቃል።

ይህን ሁሉ የነገረን ግን ወርቁ ብቻ አይደለም፤ አብሮ መገኘቱ ነው። አንዱ ቀድሞ አግኝቶት መስቀሉን ለብቻ፣ ሳንቲሙን ለብቻ ቢሸጠው፣ ወይ ወርቅ ቤት ወስዶ ቢያስቀልጠው፣ የሚጠየቀው ስንት ግራም፣ ስንት ካራት ነው የሚለው ብቻ ነበር።

ከሩቅ የመጣ ወርቅ የተገኘው መጠራ ብቻ አይደለም፤ በደብረ ዳሞም እ.ኤ.አ. በ1940 ከወደ ሕንድ የመጡ የኩሻን ነገሥታት 103 የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ከየሐ ብዙም በማይርቀው በጥንቱ የቤተ ሰማዕቲ ከተማ ደግሞ አርኪዮሎጂስቶች አንዲት የወርቅ ቀለበት አወጡ፤ ፈርጧ ቀይ ድንጋይ፣ በላዩ የበሬ ራስ የተቀረጸበት። ሥራዋ የሮም ቀለበት ይመስላል። ወሬዋ ለዓለም የተሰማው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያው ከተማ ባዚሊካ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቷልና፣ ቀለበቷን ከከተማው ነጥሎ ማየት አይቻልም።

በአክሱም ዙሪያ ክረምት አፈሩን ሲያጥበው አሮጌ ሳንቲም ከእርሻ መሬት ብቅ ይላል። ከእናንተም ዘመዱ እዚያ የሚያርስ አይጠፋም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ስትደውሉለት እንዲህ በሉት፦ ወንድሜ፣ እንዳታጥበው፣ እንዳትፍቀው፣ ባለበት ተወው፤ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም መጥቶ ከጎኑ ምን እንዳለ ይይ።