ረግረጉን ያስጠበቀ ቆዳ፦ በሉዊዚያና የአሊጌተር አደን ለጥበቃ ያለው ድርሻ

የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት አፈ ሰፊውን የአዞ ዘመድ፣ አሊጌተርን፣ ማደን እ.ኤ.አ. በ1962 ከለከለች፤ በ1972 ደግሞ ካሜሮን ፓሪሽ በተባለ ወረዳዋ መልሳ ፈቀደች። እንስሳው ሊጠፉ በተቃረቡ ዝርያዎች የፌዴራል መዝገብ ከሰፈረ ያኔ ገና አምስት ዓመቱ ነበርና ውሳኔው ላይ ላዩን ላየው እርስ በርሱ ይጋጫል። ይሁንና አደኑ በ1981 መላ ግዛቷን አዳረሰ፤ በ1987 ደግሞ የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ዝርያው ሙሉ በሙሉ እንዳገገመ አስታወቀ። ዛሬ በሉዊዚያና ብቻ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ የዱር አሊጌተር እንዳለ ይገመታል።

የአደን ደጋፊዎች ይህን ታሪክ «አደን እንስሳውን አዳነው» ብለው ያሳጥሩታል። አባባሉ ግን ከቅደም ተከተሉ ጋር አይገጥምም፤ ቁጥሩ ማገገም የጀመረው በእገዳው ዘመን ነውና። የግዛቷ እገዳም ብቻውን አልበቃም ነበር። በስውር የተገደለ አሊጌተር ቆዳ ወደ ሌላ ግዛት ተሻግሮ ይሸጥ ነበር። ይህን ቀዳዳ የደፈነው፣ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ እንስሳ ከግዛት ግዛት እንዳይነገድ የሚከለክለው የሌሲ ሕግ በ1969 ተሻሽሎ ተሳቢ እንስሳትንም ማካተቱ ነው። የአደኑ ፋይዳ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እሱም ከእንስሳው ይልቅ በመኖሪያው ላይ ጎልቶ ይታያል።

የሉዊዚያና የባሕር ዳር ረግረግ በአብዛኛው የግል ይዞታ ነው። ምንም የማያስገኝለትን ረግረግ ባለቤቱ አጠንፍፎ ለሌላ ነገር ሊያውለው ቢያስብ አይገርምም። የአደን ሥርዓቱ የተቀረጸውም ይህን ስሌት ለመቀየር ነው። ባለሙያዎች በሄሊኮፕተር እየዞሩ ጎጆ ይቆጥራሉ፤ በጎጆው ብዛትና በረግረጉ ዓይነት ተመርኩዘው ለእያንዳንዱ ይዞታ ስንት የአደን መለያ እንደሚሰጥ ይወስናሉ። ረግረግ የሌለው መሬት መለያ የለውም፤ ረግረጉን ያደረቀ ባለቤት ከእንስሳው ጋር ገቢውንም ያጣል።

የመለያው አሠራር ቀላል ነው። አዳኙ በትልቅ መንጠቆ ላይ የዶሮ ሥጋ ሰክቶ ከውኃው ከፍ አድርጎ ያንጠለጥላል፤ ማለዳ በጀልባ እየዞረ ገመዶቹን ያያል። የተያዘው እንደተገደለ ቁጥር ያለበት መለያ ጅራቱ ጫፍ አጠገብ ይቆለፍበታል። አንዴ የተቆለፈ መለያ ተነቅሎ ለሌላ አይውልም፤ ቁጥሩም ቆዳውን ተከትሎ እስከ ፋብሪካ ይዘልቃል። የዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚገዛው የሳይተስ ስምምነትም መለያ የሌለው ቆዳ ድንበር እንዲሻገር አይፈቅድም። የአደኑ ወቅትም እንዲሁ የታሰበበት ነው። አደኑ በሚካሄድበት በሴፕቴምበር ወር እንቁላል የጣሉ እንስቶች ወደ ውስጠኛው ረግረግ ገብተው ጎጇቸው አካባቢ ይቆያሉ፤ በክፍት ውኃና በቦይ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ተባዕቱና ለመራባት ያልደረሰው ነው።

ከ1986 ጀምሮ እንቁላል መሰብሰብም ተፈቀደ። ሰብሳቢው ጎጆውን ከፍቶ እንቁላሎቹን ከማንሳቱ በፊት የእያንዳንዱን የላይኛ ገጽ በቀለም ምልክት ያደርግበታል፤ እንቁላሉ ከተገለበጠ ሽሉ ይሞታልና። አርቢው ካስፈለፈላቸው መካከል የተወሰኑትን 1.2 ሜትር ገደማ ሲደርሱ ወደ ረግረጉ የመመለስ ግዴታ አለበት። ድርሻው መጀመሪያ 17 በመቶ ነበር፤ የዱሩ ቁጥር ሲበዛ ደረጃ በደረጃ ወርዶ 5 በመቶ ደርሷል። እዚህ ላይ በሉዊዚያና የሚገኘው የሮክፌለር የዱር እንስሳት መጠለያ ተመራማሪዎች ሥራ ሳይጠቀስ አይታለፍም። የአሊጌተር ጾታ የሚወሰነው በእንቁላሉ ሙቀት መሆኑን ያረጋገጠው፣ በ1982 የታተመው ጥናት ተባባሪ ጸሐፊ ቴድ ጆአነን የዚያ መጠለያ ባለሙያ ነበር። 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንስት፣ 33 አካባቢ ተባዕት ይፈለፈላል። ይህን የማያውቅ አርቢ ሳያስበው አንድ ጾታ ብቻ ወደ ዱር ሊመልስ ይችላል።

ሥርዓቱ ድክመት የለበትም ማለት ግን አይደለም። ዋናው ገቢ የተንጠለጠለው በቅንጡ ቦርሳና በሰዓት ማሰሪያ ገበያ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2020 መባቻ ጀምሮ የአሊጌተር ምርት እንዳይሸጥ ልታግድ ስትል ሉዊዚያና ፍርድ ቤት የሄደችው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱም እገዳውን አስቁሞታል። ከገበያው የሚብስ ችግር ደግሞ አለ። ከ1930ዎቹ ወዲህ ሉዊዚያና ወደ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባሕር ዳር መሬት አጥታለች። ሚሲሲፒ ወንዝ በግድብ ስለታጠረ ደለሉ ረግረጉን አይመግብም፤ ለነዳጅ ፍለጋ በተቆፈሩ ቦዮች ጨዋማ ውኃ ገብቷል፤ መሬቱ ይሰምጣል፤ ባሕሩም ከፍ ይላል። ይህን ሁሉ የቆዳ ገንዘብ አይመልሰውም።

የአገራችን አንባቢ የአርባ ምንጭን አዞ እርባታ ማስታወሱ አይቀርም። እዚያም ከሐይቅ ዳር የተገኘ እንቁላልና ግልገል ያድጋል፤ ቆዳው ይሸጣል፤ የኢትዮጵያ የናይል አዞም በሳይተስ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ነው። ልዩነቱ ያለው በይዞታው ላይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን እርባታውም የመንግሥት ነው። በጫሞ ዳር መረቡን በአዞ የሚያስቀድድ ዓሣ አስጋሪና ከብቱን የሚነጠቅ አርብቶ አደር፣ እንደ ሉዊዚያናው ባለ መሬት መለያ የሚቀበልበት ሥርዓት የለም። የሉዊዚያናን ልምድ ወደዚህ ለማምጣት የሚያስብ ካለ ከአደን ፈቃዱ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከቆዳው ሽያጭ ለአስጋሪውና ለአርብቶ አደሩ ስንት ይደርሳቸዋል?