የወርቅ ከተማና የእህል ከተማ

በአርሲ ደጋ፤ ከአሰላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ሁሩታ የስንዴና የገብስ አገር ከተማ ናት። ኑሮዋ ከገበያዋ የተያያዘ ነው፤ ባላገሩ እህሉን ሽጦ የቤቱን ጉድለት ሸምቶ ይመለስባታል። ከዚህ ደጋ ተነሥቶ በሐዋሳና በሀገረ ሰላም በኩል ወደ ጉጂ አገር የሚወርድ መንገደኛ ግን በሌላ ምክንያት ወደ ተስፋፋች ከተማ ይደርሳል፤ ይህችውም ክብረ መንግሥት ናት። ያገሩ ሰው አዶላ ይላታል። አንደኛው ስም የምድሩ ነው፤ ሁለተኛው ስም ወርቁ ለማን ይወጣ እንደ ነበረ ያስረዳል።

የካሊፎርንያ ወርቅ በ1848 እ.ኤ.አ. በተገኘ ጊዜ ከየአገሩ የጎረፈው ሰው ቆፍሮ ያገኘውን ለራሱ ይይዝ ነበር። ወርቁ ሲያልቅ ከተማው ወና ሆነ፤ ከእነዚሁም አንዷ ቦዲ ዛሬ በመንግሥት ተጠብቃ ትጎበኛለች። የአዶላ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ከጣልያን ወረራ በኋላ የተቋቋመው መንግሥት ብርቱ የገንዘብ ችግር ነበረበት። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የኢትዮጵያን ብር በ5.52 ግሬን ንጹሕ ወርቅ በመደበበት ዘመን፤ የአገሪቱ ዋና የወርቅ ምንጭ አዶላ ነበር። አሸዋውን ቆፍሮ በገበቴ የሚያጥበው ሰው የወርቁ ባለቤት አልነበረም። ከሠራተኞቹም መካከል ደመወዝ ፈልጎ የመጣ እንደ ነበረ ሁሉ፤ ሳይወድ በግዴታ የተላከም ነበር።

በኋላ ዘመን በሻኪሶ አጠገብ በለገ ደምቢ፤ ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ወርቅ በመኪና ከዓለቱ ይወጣ ጀመር። የአካባቢው ሕዝብ ግን የሰውና የከብት ጤና ተጎዳ ብሎ ስለ ተነሣ፤ በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. የማዕድኑ ፈቃድ ታገደ።

የእህሉ ከተማም ቢሆን ከእንዲህ ያለው ነገር ፈጽሞ አላመለጠም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሲቋቋም፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ምርቱን አበዛው። ምርቱ ሲበዛ መሬቱ ተወደደ፤ መሬቱ ሲወደድም አንዳንድ ባለርስት ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስለቀቀ። የጭሰኝነት ሥርዓት በሕግ የተሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኛቸው ይህ ነው፤ ምድር ሀብቷን ስትሰጥ ሀብቱ በቆፋሪውና በአራሹ እጅ አልቀረም። የወርቁ መጠን በመዝገብ ይገኛል፤ ያጠበው ሰው ከየት እንደ መጣ፤ በምን እንደ ታመመና የት እንደ ተቀበረ የሚያውቁት ግን ልጆቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። የወርቅን ከተማ ለመጎብኘት የሚሄድ ሁሉ ጉድጓዱን ከማየቱ አስቀድሞ እነዚህን ሰዎች ጠይቆ ቃላቸውን ሊጽፍ ይገባዋል።