ዜና ሹም ሽር ዘዋሽንግተን

በዶናልድ ትራምፕ የመጀመሪያ የፕሬዝዳንትነት ዘመን፣ ሥልጣኑን በያዙ በአራተኛው ወር፣ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚ ተሻሩ። እንዴት እንደ ተሾሙ፣ በምን እንደ ተሻሩ፣ ስለ ሽረታቸውም ሁለቱ ፓርቲዎች ምን ተባብለው እንደ ተከራከሩ እንዲህ ተጻፈ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስለ ቢሮውና ስለ ዐሥሩ ዓመት ሕግ

አስቀድሞ ጄ. ኤድጋር ሁቨር የሚባሉ ሰው በ1924 የቢሮው አለቃ ሆነው ተሾሙ። ስምንት ፕሬዝዳንቶች ሲፈራረቁ እርሳቸው ግን እስከ ሞቱበት እስከ 1972 ድረስ ከወንበራቸው አልተነሡም። የሹማምንቱን ገበና በፋይል ያስቀምጡ፣ ስልክ ያስጠልፉ ነበርና የሚፈራቸው እንጂ የሚሽራቸው አልተገኘም። የማርቲን ሉተር ኪንግ የመኖሪያ ቤት ስልክ እንኳ ከጆሯቸው አላመለጠም።

እርሳቸው በሞቱ በዓመቱ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ፕሬዝዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ጉዳይ የሚመረምራቸውን ልዩ ዐቃቤ ሕግ አርቺባልድ ኮክስን ያባርሩ ዘንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ኤሊየት ሪቻርድሰንን አዘዙ። ሪቻርድሰን እምቢ ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ምክትላቸው ዊልያም ራክልስሃውስም እምቢ ብለው ወጡ፤ በማዕረግ ሦስተኛ የነበሩት ሮበርት ቦርክ ትእዛዙን ፈጸሙ። ይህ ሁሉ የሆነው ኦክቶበር 20 ቀን 1973፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ኒክሰንም ዓመት ሳይሞላቸው፣ በኦገስት 1974፣ ከሥልጣን ወረዱ።

የአገሪቱ ምክር ቤትም ሁለቱን አየ፤ ማንም የማይነካው የምርመራ አለቃ ምን ያህል እንደሚያስፈራ፣ ፕሬዝዳንት እንዳሻው የሚያዘው መርማሪም ምን ያህል እንደሚያሰጋ። ስለዚህ በ1976 የቢሮው አለቃ ዘመን ከዐሥር ዓመት እንዳይበልጥ ሕግ አወጣ። አንድ ፕሬዝዳንት ሁለት ጊዜ ቢመረጥ የሚቆየው ስምንት ዓመት ነውና የአለቃው ዘመን ከሿሚው ዘመን እንዲያልፍ ታሰበ። ነገር ግን ሕጉ ፕሬዝዳንቱ አለቃውን በምን ምክንያት እንደሚሽር አልወሰነም። ከዚያ ወዲህ፣ ከኮሚ በፊት፣ አንድ ዳይሬክተር ብቻ ተሽረው ነበር። እርሳቸውም ዊልያም ሴሽንስ ናቸው፤ የመንግሥት ንብረት ለግል ጉዳይ አውለዋል የሚል ዘገባ ወጥቶባቸው በ1993 ፕሬዝዳንት ቢል ክሊንተን አሰናበቷቸው።

ስለ ጄምስ ኮሚ ሹመት

ጄምስ ኮሚ ቁመታቸው ከሁለት ሜትር ያለፈ፣ በሕግ ሙያ ያደጉ ሰው ናቸው። በጆርጅ ቡሽ ልጅ ዘመን ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። በ2004 የቡሽ ሹማምንት ሕጋዊነቱ ያጠራጠረ የስለላ ፕሮግራም ለማሳደስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆን አሽክሮፍት ወደ ተኙበት ሆስፒታል ሲገሠግሡ፣ ኮሚ ቀድመው ደርሰው ከአልጋው አጠገብ ቆሙ፤ በሽተኛውም አልፈርምም አሉ። በዚህ ስማቸው ከፍ አለ።

ባራክ ኦባማም የሌላ ፓርቲ ሰው መሆናቸውን እያወቁ በ2013 አጯቸው። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ93 ድምፅ አጸደቀ፤ የተቃወመ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በዚያ ቀን ሁለቱም ወገን ስለ ሰውየው አንድ ቃል ነበረው።

ስለ 2016 ምርጫ

ከዚህ በኋላ የዴሞክራቶቹ ዕጩ ሂላሪ ክሊንተን የመንግሥትን ሥራ በግል ኢሜይል የሠሩበት ነገር ተነሣ። ጁላይ 5 ቀን 2016 ኮሚ በጋዜጠኞች ፊት ቆመው፣ ሂላሪና ባልደረቦቻቸው በምስጢር አያያዝ እጅግ ቸልተኞች ነበሩ፤ ነገር ግን የሚያስከስስ አላገኘንም አሉ። የአገሩ ልማድ ግን መርማሪ ምርመራውን ለዐቃቤ ሕግ ያቀርባል እንጂ ያልተከሰሰን ሰው በአደባባይ አይነቅፍም። ዴሞክራቶች የኮሚን ቅንነት አመሰገኑ፤ ሪፐብሊካኖች ፍርድ ተጓደለ ብለው ጮኹ።

ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው፣ ኦክቶበር 28፣ ኮሚ ሌሎች ኢሜይሎች ስለ ተገኙ ምርመራው ይቀጥላል ብለው ለምክር ቤቱ ጻፉ። ያን ጊዜ ነፋሱ ዞረ። የዴሞክራቶች መሪ ሃሪ ሪድ ሕግ ሳይጥሱ አልቀሩም ብለው ደብዳቤ ላኩባቸው፤ ቸክ ሹመርም ከእንግዲህ እምነት የለኝም አሉ። ዶናልድ ትራምፕ በበኩላቸው ኮሚ ያደረጉት ነገር ትልቅ ወኔ የሚጠይቅ ነው ብለው በአደባባይ አወደሱ። ኖቬምበር 6 ኮሚ አዲስ ነገር አልተገኘም ብለው ጻፉ፤ ኖቬምበር 8 ትራምፕ ተመረጡ።

ስለ እራቱና ስለ ሩሲያ ምርመራ

ትራምፕ ሥልጣን በያዙ በሳምንቱ፣ ጃንዋሪ 27፣ ኮሚን ለእራት ጠሩ። ኮሚ ኋላ በመሐላ ለምክር ቤቱ እንደ መሰከሩት፣ ሌላ እንግዳ ይኖራል ብለው ሲሄዱ በዋይት ሐውስ አረንጓዴው ክፍል መካከል ለሁለት ሰው ብቻ የተዘጋጀች ትንሽ ሞላላ ጠረጴዛ አገኙ። ሁለት የባሕር ኃይል አስተናጋጆች ምግብና መጠጥ ለማቅረብ ብቻ ይገቡ ነበር። ፕሬዝዳንቱም ታማኝነት እፈልጋለሁ አሉ። ኮሚ ሳይንቀሳቀሱ ዝም አሉ፤ ሁለቱም በዝምታ ተያዩ። ነገሩ በእራቱ መጨረሻ እንደገና ሲነሣ ኮሚ ከእኔ ሁልጊዜ እውነት ያገኛሉ ብለው መለሱ። ትራምፕ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቅሁም ብለው ካዱ።

ፌብሩዋሪ 13 የብሔራዊ ጸጥታ አማካሪው ማይክል ፍሊን ከሩሲያ አምባሳደር ጋር ባደረጉት ንግግር ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ። በማግሥቱ፣ በኮሚ ምስክርነት፣ ፕሬዝዳንቱ ሌላውን ሰው ሁሉ ከቢሯቸው አስወጥተው የፍሊንን ነገር ቢተዉት ደስ ይለኛል አሏቸው። ማርች 20 ኮሚ በተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ሩሲያ በምርጫው ጣልቃ ስለ መግባቷና ከትራምፕ ዘመቻ ሰዎች ጋር ግንኙነት ስለ መኖር አለመኖሩ ምርመራ መያዙን በይፋ ተናገሩ።

ስለ ሽረቱ ቀን

ሜይ 9 ቀን 2017፣ በእኛ ግንቦት 1 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በልደታ ዕለት፣ ማክሰኞ፣ የፕሬዝዳንቱ የረጅም ዘመን ጠባቂ ኪት ሺለር የሽረቱን ደብዳቤ ይዘው በፔንሲልቬኒያ ጎዳና ወደሚገኘው ወደ ምርመራ ቢሮው ሄዱ። ኮሚ ግን በዚያ አልነበሩም። በሎስ አንጀለስ ለቢሮው ሠራተኞች ሲናገሩ፣ ከአድማጮቹ በስተኋላ ባለው ቴሌቪዥን ላይ መሻራቸውን የሚናገር ጽሑፍ አዩ። መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር።

ከደብዳቤው ጋር የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የጄፍ ሴሽንስና ሁለት ሳምንት ባልሞላው ሹመት ላይ የነበሩት የምክትላቸው የሮድ ሮዘንስታይን ጽሑፍ ተያይዞ ነበር። የሮዘንስታይን ጽሑፍ ኮሚን የሚከሰው በሂላሪ ጉዳይ አያያዛቸው ነው፤ ትናንት ትራምፕ ወኔ ያሉትን ያንኑ ነገር ጥፋት አለው። ጄፍ ሴሽንስም ከምርጫው ዘመቻ ምርመራ ራሳቸውን ያገለሉ ሰው ነበሩ።

በማግሥቱ ፕሬዝዳንቱ የሩሲያን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰርጌይ ላቭሮቭን በቢሯቸው ተቀበሉ። ሜይ 11 ደግሞ ለኤን.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን፣ የሹማምንቱ ምክር ቢኖርም ባይኖርም እሽራቸው ነበር፤ ስወስንም ይህን የሩሲያ ነገር አስቤያለሁ አሉ።

ስለ ሁለቱ ወገኖች ክርክር

የፕሬዝዳንቱ ወገኖች እንዲህ አሉ፦ ሕገ መንግሥቱ የአስፈጻሚውን ሥልጣን ለፕሬዝዳንቱ ሰጥቷል፤ የሾመ ይሽራል። ኮሚ ልማድ አፍርሰዋል፤ ይህንንም ትናንት ዴሞክራቶች ራሳቸው ሲሉ ሰምተናል። ፕሬዝዳንቱም በግላቸው እንደማይመረመሩ ኮሚ ሦስት ጊዜ ነግረዋቸዋል። የሕግ መወሰኛው መሪ ሚች ማኮኔል አዲስ ልዩ ምርመራ አያስፈልግም አሉ፤ ቸክ ግራስሊም ተቃዋሚዎቹን ነገሩን ተቀብላችሁ እለፉ አሏቸው።

የተቃዋሚዎቹ ቃል ደግሞ እንዲህ ነበር፦ ሥልጣን አለው ማለትና በሥልጣኑ ራሱን ከምርመራ ይጠብቅበት ማለት ልዩ ልዩ ነው። ለሂላሪ ተቆርቁረው ከሆነ እስከ ሜይ ለምን ቆዩ? ሹመር ለፕሬዝዳንቱ በስልክ ትልቅ ስሕተት እየሠሩ ነው ማለታቸውን ተናገሩ። ብዙዎችም የ1973ቱን ቅዳሜ አነሡ።

በዚህ ሁሉ መካከል ከወገናቸው የተለየ ቃል የተናገሩ ጥቂቶች ነበሩ። የመረጃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሪፐብሊካኑ ሪቻርድ በር የሽረቱ ጊዜና ምክንያት አሳስቦኛል አሉ፤ ጆን ማኬይንም ማዘናቸውን ገለጹ። ከፓርቲያቸው ጥቅም ሳይሆን ከነገሩ ተነሥተው የተናገሩ ናቸውና ስማቸው በክብር ይጻፍ።

ከሽረቱ በኋላ ስለ ሆነው

ሜይ 17 ሮዘንስታይን የቀድሞውን ዳይሬክተር ሮበርት ሙለርን ልዩ መርማሪ አድርገው ሾሙ። ምርመራውን ያቆማል የተባለው ሽረት ራሱ ሌላ ምርመራ ወለደ። ሙለር በ2019 ባወጡት ዘገባ፣ የትራምፕ ዘመቻ ከሩሲያ ጋር ማሤሩን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም፤ ፍትሕን ስለ ማደናቀፍ ግን ፕሬዝዳንቱን ወንጀለኛ አላልንም፣ ነጻም አላወጣንም አሉ። ያን ጊዜም እያንዳንዱ ወገን የወደደውን ግማሽ አነበበ። የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪም በ2018 ኮሚ በሂላሪ ጉዳይ ከመሥሪያ ቤቱ ሥርዓት ወጥተዋል፤ በወገንተኝነት ማድረጋቸውን ግን አላገኘሁም ብለው ጻፉ። በኮሚ ቦታ የተተኩት ክሪስቶፈር ሬይም ትራምፕ ዳግመኛ ሲመረጡ፣ ዐሥር ዓመታቸው ሳይሞላ፣ በ2025 መጀመሪያ ከሥልጣን ወጡ።

ፍርዱ

ኮሚ ስሕተት ነበራቸው፤ መርማሪ በምርጫ ዋዜማ አደባባይ መውጣት አልነበረበትም። ፕሬዝዳንቱም የመሻር ሥልጣን ነበራቸው። ነገር ግን የሚመረምርን ሰው በምርመራው ምክንያት መሻር ሕግን ከሥሩ የሚያናጋ ነው፤ ይህንን ኒክሰን ቢያደርገው ጥፋት፣ የእኛ ሰው ቢያደርገው መብት የሚል ሰው ሕግ የለውም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና ዛሬ የሌላው ወገን ሹም ሲሻር የሚያጨበጭብ ነገ የራሱ ሲሻር የሚሰማው አያገኝም። ከ1976ቱ ሕግ ወዲህ በዚያ ወንበር ከተቀመጡት መካከል ዐሥሩን ዓመት የፈጸሙት ሮበርት ሙለር ብቻ ናቸው። ሕግን የጻፈው እጅ አይጠብቀውም፤ ሕጉን የሚጠብቀው የራሱ ወገን ሲያጠፋ ጥፋት ነው የሚል ሰው ነው።