ልብ ከሁለት ወገን

እጅዎን ደረትዎ ላይ ያሳርፉ። ያ የሚመታው ልብ ሥራ የጀመረው እርስዎ በእናትዎ ማኅፀን ሳሉ፣ ገና በአራተኛው ሳምንት ነው። ያኔ ቀጭን ቱቦ እንጂ ባለ አራት ክፍል ልብ አልነበረም። የመማሪያ መጻሕፍት ለብዙ ዘመን ሲያስተምሩ የኖሩት፣ ቱቦው የልብን ክፍሎች ሁሉ ከመጀመሪያው ይዟል፣ የሚቀረው መታጠፍና ማደግ ብቻ ነው እያሉ ነበር።

በሜክሲኮ ማሪያ ቪክቶሪያ ዴ ላ ክሩዝ የተባሉ ተመራማሪ በ1977 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ከባልደረቦቻቸው ጋር እንቁላል ውስጥ ባለ የጫጩት ፅንስ ላይ ምልክት እያደረጉ ሲከታተሉ፣ ደም የሚወጣበት የልብ ጫፍ ኋላ የሚጨመር መሆኑን አሳዩ። ጭማሪው በአጥቢ እንስሳ ከየት እንደሚመጣ ግን ሳይታወቅ ቆየ።

ምላሹ የመጣው ልብን ብለው ካልተነሱ ሰው ቤት ነው። ማርጋሬት በኪንግሃም ኦክስፎርድ ተምረው በ1971 ፓሪስ ወደሚገኘው የፓስተር ተቋም፣ ፍራንሷ ግሮ ዘንድ ሄዱ፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸውንም እዚያው በሰው አገር ሠሩ። የሚያጠኑት ጡንቻ እንዴት ጡንቻ እንደሚሆን ነበር። ለዚሁ ሲሉ ሴልን ሰማያዊ የሚያቀልም የባክቴሪያ ጂን አይጥ ውስጥ ያስገቡ ነበር። እንዲህ ያለ ጂን የት እንደሚያርፍ ታዲያ በሰው እጅ አይደለም። በአንደኛው የአይጥ ዘር ላይ፣ ኤፍ ጂ ኤፍ 10 ከሚባል ሌላ ጂን አጠገብ አረፈና ሰማያዊው ቀለም ባልታሰበበት፣ ከፅንሱ ጉሮሮ ሥርና ከልቡ መውጫ ላይ ታየ።

ሌላ ቢሆን «ሙከራው ተበላሸ» ብሎ በተወው ነበር። እነርሱ ግን ተከተሉት። ሮበርት ኬሊ፣ ናይጀል ብራውንና በኪንግሃም በ2001 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከጉሮሮ ሥር ያሉት ሴሎች ወደ ልብ እየገቡ መውጫውን እንደሚሠሩ አስታወቁ። በዚያው ዓመት አሜሪካ የነበሩ ሁለት ቡድኖች በጫጩት ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። በ2004 ደግሞ የበኪንግሃም ቡድን ልብ በጊዜ ከተለያዩ ሁለት የሴል ወገኖች እንደሚሠራ አሳየ፦ ደምን ለመላ ሰውነት የሚገፋው የግራ ክፍል ጡንቻ ከአንደኛው፣ የመውጫው ጡንቻ ከሌላኛው።

ይህ ለወላጅ ትልቅ ነገር ነው። ከመቶ ሕፃናት አንዱ ያህል የልብ ጉድለት ይዞ ይወለዳል፤ ታላላቆቹ የደም ቧንቧዎች ሳይለያዩ ወይም ቦታ ተለዋውጠው የሚቀሩበት ጉድለት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። «ምን በድዬ?» የምትል እናት፣ ነገሩ የተፈጸመው ምናልባት ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ እንደሆነ ብትሰማ ደግ ነበር።

በኪንግሃም በ2013 የፈረንሳይ የሳይንስ ምርምር ማእከል የወርቅ ሜዳልያ ተሸልመዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቡድናቸው በ2010 ያወጣው ነው። በአይጥ ላይ እንደታየው፣ የፊት ጡንቻዎችና በታላላቆቹ ቧንቧዎች ሥር ያለው የልብ ጡንቻ ከአንድ ዘር የወጡ ናቸው። እኛ ከልብ ያልሆነውን ሳቅ «ከአንገት በላይ» እንላለን፤ ፈገግ የሚያሰኘው ጡንቻ ለካ የልብ ዘመድ ኖሯል! ከ22ኛው ክሮሞሶማቸው ቁራጭ የጎደለባቸው ልጆች ፊታቸውም ልባቸውም አብሮ የሚነካው ለምን እንደሆነ፣ ሐኪሞች አንዱን ምክንያት ያገኙት ከዚህ ዝምድና ነው።